ያላበው ቱቦ

ዘይኑልአቢዲን የታሰረው እንቅልፍ ስለወሰደው ነው። ሌላ ጥፋት አልነበረበትም። በአልዩ አምባ ገበያ በርበሬና እርድ እየሸጠ የሚኖር፣ ከሰው ጋር ተጣልቶ የማያውቅ፣ ሰፊ ትከሻና አጭር ወፍራም አንገት ያለው ነጋዴ ነበር። አንድ ቀን ከሌላ ቦታ የመጣ ካድሬ ሕዝቡን ዋርካ ሥር ሰብስቦ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር፣ ከፊት ተቀምጦ የነበረው ዘይኑ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋት ጀመረ። የእሱ ማንኮራፋት ደግሞ እንዳልሰሙ ሆነው የሚያልፉት ዓይነት አልነበረም። ሰዉ ሳቁን አፍኖ ሊይዝ ሞከረ፤ አንዱን ሲያመልጠው ግን ሌላውም ተከተለ። ካድሬው ንግግሩን አቋረጠ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይህ ሰው በአብዮቱ ላይ እያላገጠ ነው" አለና አስነሥቶ አስወሰደው።

ሚስቱ ረሒማ ነጠላዋን እየጎተተች ከኋላቸው ሮጠች። "በሽታ ነው! ወላሂ በሽታ ነው! ሰውዬው ታማሚ ነው!" ብላ ብትጮኽም የሰማት አልነበረም። ሽቅብ ወደ ደጋው፣ ወደ አንኮበር እስር ቤት ይዘውት ሄዱ።

በሽታ መሆኑን ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ነበረች። ዘይኑ ገና እንደተኛ ያንኮራፋል። ከዚያ አንድ ሰው አፉን የከደነው ይመስል ድንገት ጭጭ ይላል። ደረቱ ይነሣል ይወድቃል፤ ትንፋሽ ግን የለም። ረሒማ እጇን አፍንጫው ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ስታጣው ትከሻውን ይዛ ትነቀንቀዋለች፤ እሱም ከወንዝ እንደወጣ ሰው "ሃ!" ብሎ አየር ይስባል። ተመልሶም ያንኮራፋል። እንዲህ እያለች ስንት ዓመት እንደኖረች ራሷም አታውቀውም። ቀን ቀን እሱ ሲያንቀላፋ ይውላል፤ እሷ ደግሞ ዓይኗ ቀልቶ ትውላለች። በርበሬ እየመዘነ ሚዛኑን እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደዋል። አንዴ ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርድ በቅሎው ላይ እንዳለ ተኝቶ ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰብሯል። ዘመዶቹ ጂን ነው አሉ። የሰፈሩ ሸህ ቁርኣን ቀሩበት፤ ቀርተው ሲጨርሱ ግን "እኔ ዱዓዬን አድርጌያለሁ፤ ሐኪምም ፈልጉለት" ብለው ነበር። በጤና ጣቢያ የሰጡት ኪኒን ደግሞ ምንም አልፈየደም።

እና ባሏ ሲታሰር ረሒማን ያስጨነቃት እስሩ ብቻ አልነበረም። "ማን ይቀሰቅሰዋል? ማን ይነቀንቀዋል?" እያለች ነበር አቀበቱን የምትወጣው። በጀርባዋ ዳቦና በሶ ተሸክማ፣ ጉም በሸፈነው መንገድ ላይ እያለከለከች እስር ቤቱ በር ደረሰች። ከብዙ ልመና በኋላ ዘይኑን ከአጥሩ ወዲያ አሳዩዋት። አጠገቡ አንድ ሸበቶ ቄስ ቆመው ነበር።

"አለሁ፣ ረሒማ" አላት ዘይኑ። "በአላህ ፈቃድ፣ በእኝህ ሰውም ምክንያት አለሁ።"

ቄሱ ገብረአማኑኤል ይባላሉ። ቤታቸውም የሚያገለግሉበት ደብርም ደብረ ብርሃን ነው። ለዘመድ ተዝካር ወደ አንኮበር መጥተው ሳለ፣ ከአፈሳ የሸሹ ወጣቶችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ደብቀዋል ተብለው ነው የተያዙት። ዘይኑ በገባ ዕለት እስረኞቹ በማንኮራፋቱ ተማርረው ወደ በሩ፣ ወደ ብርዱ ሊገፉት ሲሉ፣ ቄሱ "ተዉት፣ ከእኔ ጋር ይተኛ" ብለው ቦታ ሰጡት።

"አንቺ ነሽ ባለቤቱ?" አሉ ረሒማን።

"አዎ፣ አባ።"

"ይህ ሰው ሲተኛ ትንፋሹ ይቆማል። ታውቂያለሽ?"

ያንን ነገር ከራሷ በቀር በአፉ ያወጣ ሰው ሰምታ አታውቅም። ለእናቱ ብትናገር "ታበዢዋለሽ" ተብላለች፤ ለጤና ጣቢያው ሰው ብትናገር ስቆባታል። አጥሩን ይዛ አለቀሰች።

"አውቃለሁ" አለች በመጨረሻ። "እርስዎ እንዴት አወቁ?"

"አጠገቡ ተኝቼ እንዴት አላውቅ! በጎኑ አስተኛዋለሁ፣ ጋቢዬን ጠቅልዬ ከጀርባው እወትፍለታለሁ። ጭጭ ሲል በክርኔ እጎስመዋለሁ። እኔ እንቅልፍ ሲጥለኝ ደግሞ ሌሎቹ ይቀበሉኛል፤ አሁን ሁሉም ለምደውታል።"

ረሒማ ዳቦውን በአጥሩ አሳልፋ ሰጠች። ቄሱ ቆርሰው ለሁሉም ሲያካፍሉ እያየች ቁልቁል ወረደች። በዚያ ቀን መንገዱ አልከበዳትም።

ካድሬው ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወር የእነሱ ጉዳይ ተረሳና ሁለቱም በአንድ ሰሞን ተፈቱ። ቄስ ገብረአማኑኤል ግን ዘይኑን አልረሱትም። ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለሱ ጠይቀው አጣርተው፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወርድ ነጋዴ "ዘይኑን ይዘሽልኝ ነይ፤ ሐኪም አግኝቻለሁ" ብለው ላኩባት።

ሐኪሙ፣ የደብረ ብርሃን ሆስፒታሉ ዶክተር ብርሃነ መስቀል፣ ውጭ አገር ተምሮ በቅርብ የተመለሰ ሰው ነበር። ረሒማ ስትናገር ሳያቋርጣት እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ከዚያ ዘይኑን "እስቲ እዚህ አልጋ ላይ ጋደም በል" አለው። ቀትር ነበር፤ ዘይኑ ጋደም ከማለቱ እንቅልፍ ወሰደው። ማንኮራፋቱ ተነሣ፤ ቆመ፤ ደረቱ ታገለ። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ሲነቃም እስኪረጋጋ ጠበቀው።

"ጂን አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም" አላቸው። "እንቅልፍ ሲወስደው ጉሮሮው ውስጥ ያለው ሥጋ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲታነቅ ያድራል እንጂ ተኝቶ አያውቅም። ቀን የሚያንቀላፋው ለዚህ ነው።"

ከቁም ሳጥኑም አንድ መሣሪያ አወጣ። ትልቅ ሬዲዮ ያክላል። ከእሱ የሚወጣ ቱቦ አለው፤ ከቱቦው ጫፍ አፍንጫ ላይ የሚገጠም ማስክ። የተማረበት አገር መምህሩ "እኛ አዲስ ገዝተናል፤ ይህን አገርህ ውሰደው" ብለው የሰጡት ነው። አየር እየገፋ የጉሮሮውን መንገድ ክፍት ያደርጋል። አየሩ ጉሮሮ እንዳያደርቅ ውሃ በሚሞቅበት ትንሽ ሣጥን ውስጥ አልፎ ይመጣል። ፊቱ ላይ ግፊቱን በመርፌ የሚያሳይ ጌጅ አለ፤ ከጌጁ በታች ደግሞ መሣሪያው ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚመዘግብ ቆጣሪ።

"በነፃ ውሰዱት" አለ ዶክተሩ። "ግን መብራት ይፈልጋል።"

የረሒማ ተስፋ እዚያው ወደቀ። አልዩ አምባ መብራት የለም። አብረዋቸው የመጡት ቄስ ገብረአማኑኤል ግን ጉሮሯቸውን ጠራርገው "የእኔ ቤት መብራት አለው" አሉ። "የልጄ ክፍል ልጄ ካገባች ወዲህ ባዶ ነው።"

"አባ፣ እኛ እስላሞች ነን፣ እንዴት አድርገን..." ስትል አላስጨረሷትም።

"ታስረን በአንድ ሰሌን ላይ ተኝተናል፤ አሁን በየክፍላችን መተኛት ያቅተናል?"

በኅዳር ገቡ። የቄሱ ሚስት ወለተሐና ለረሒማ ምድጃ ለየችላት፣ ድስቷንም የምታስቀምጥበት መደርደሪያ አስመታችላት። የገና ጾም ስለገባ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ቤቶች የሚበሉት ያው ሽሮና ምስር ነበር፤ ድስቱ ተለይቶ ሳለ ወጡ አንድ ሆነባቸው፣ በዚህም ይሳሳቁ ነበር። መሣሪያውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ስለሚሳሱለት ማንም እንዳይነካው ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀሉት። ቱቦው ከላይ ወደ አልጋው ይወርዳል።

የመጀመሪያው ሰሞን ደኅና ነበር። ዘይኑ ለብዙ ዓመታት ያላየውን ሕልም አየ። ጠዋት ተነሥቶ "ረሒማ፣ እናቴን አየኋት፣ በርበሬ ስታሰጣ" ብሎ ሲነግራት እሷ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ የታኅሣሥ ውርጭ መጣ። አንድ ንጋት ላይ ዘይኑ ጮኾ ማስኩን ከፊቱ ነቅሎ ወረወረ። "ሰጠምኩ! ሰጠምኩ!" ይላል። ፊቱ፣ ጢሙ፣ ትራሱ ውሃ ሆኗል። ቱቦው ውስጥ ቡል ቡል የሚል ድምፅ ይሰማል። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ጌጁ ላይ ያለው መርፌም ያብድ ጀመር፤ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ዶክተሩ "መርፌው ከዚህ መስመር ከወረደ ንገሪኝ" ብሏት ስለነበር ረሒማ ሄዳ ነገረችው። እሱም ግፊቱ አንሶ መስሎት ጨመረበት። ያን ጊዜ ባሰ። ነፋሱ በማስኩ ጠርዝ እያፈተለከ ዓይኑን አቀላው፣ ሆዱንም ነፋው። ቆጣሪውን ቢያዩት መሣሪያው ከሌሊቱ ግማሹን እንኳ አልሠራም፤ ዘይኑ ሲማረር እየተነሣ ያጠፋው ነበር።

የሆስፒታሉ ቴክኒሻን ዘርአ ዳዊት መሣሪያውን ወስዶ ፈተሸው። ምንም የለበትም ብሎ መለሰው። ተመልሶ ውሃ ተፋ። እንደገና ወሰደው፤ እንደገና ጤነኛ ሆኖ ተገኘ።

ዘይኑ ተስፋ ቆረጠ። "ረሒማ፣ ይበቃናል" አላት አንድ ጠዋት ግድግዳውን ተደግፎ። "ሰዎቹን አስቸገርናቸው። እኔ በሰው ቤት፣ በአልጋ ላይ በውሃ ታፍኜ መሞት አልፈልግም። ወደ ቆላዬ ልመለስ፤ የመጣው ይምጣ።"

"አንተ ብትሞትስ የምትሞተው ለብቻህ መሰለህ?" አለችው። ወጥታም በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። ዘርአ ዳዊትን የጥገና ክፍሉ በር ላይ አገኘችው። የመጣችው ልትቆጣ ነበር፤ ስታየው ግን ድካም በረታባትና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ዘርአ ዳዊት መፍቻውን አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ። ዝምተኛ፣ ነገር ሲያስብ ጢሙን የሚጎትት ጎልማሳ ነበር።

"እትዬ ረሒማ" አላት፣ "እስካሁን መሣሪያውን ነው የጠየቅሁት። አንቺን አልጠየቅሁሽም። ውሃው መቼ ነው የሚጀምረው? ገና ሲተኛ ነው?"

"ሲተኛ አይደለም። ወደ ንጋት፣ ብርዱ ሲጠና ነው። ቀን ሲተኛበት ጠብታም የለው።"

ጢሙን ጎተተ። "ነገ ጎሕ ሲቀድ እመጣለሁ። ምንም ነገር ከቦታው አታንቀሳቅሱ።"

ቃሉን ጠበቀ። ሳሩ በውርጭ ነጭቶ፣ ጆሮውን በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። ዶክተር ብርሃነ መስቀልም አብሮት ነበር። ዘይኑ ማስኩን አጥልቆ ተጋድሟል፤ ቱቦው ይንቦጫቦጫል። ዘርአ ዳዊት መዳፉን ቱቦው ላይ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ሄደበት። ከመሣሪያው አጠገብ ሞቃት ነው። ወደ ማስኩ ሲደርስ በረዶ።

"ንኪው" አላት ረሒማን። ነካችው፤ እጇን ቶሎ መለሰች።

"ሞቃት እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ምን ይሆናል?"

ረሒማ መስኮቱን አየች። መስታወቱ ከውስጥ በኩል በትንፋሻቸው አልቦ፣ ውሃው በመስመር በመስመር እየወረደ ነበር። እኛ ቆላ መስታወቱም ብርዱም የለን ልትል ነበር፤ ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ገባት። "ቱቦው አልቧል!" አለች።

"አልቧል!" አለ ዘርአ ዳዊት፤ ያን ዝምታውን ጥሎ በሣቅ ፈነዳ። "እኔ ደግሞ መሣሪያውን የምሞክረው የሆስፒታሉ የመውጊያ መርፌ የሚቀቀልበት ምድጃ አጠገብ ነው! እዚያ ሙቀት ነው፣ የሚያልብበት ምክንያት የለውም። ብልሽቱ ከመሣሪያው አይደለም፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ነው።"

"እኔም ውጭ አገር ስማር የሕሙማኑ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ይሞቅ ነበር" አለ ዶክተሩ ግንባሩን መታ አድርጎ። "አልታየኝም።"

ዘርአ ዳዊት ቀና ብሎ ቁም ሳጥኑን አየ። "ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ ሰቅላችሁታል። ያላበው ውሃ ወዴት ይሂድ? ቁልቁል ወደ ዘይኑ አፍንጫ!"

ወለተሐናና ረሒማ ተያዩ። ለክብሩ ብለው የሰቀሉት ነገር ሰውዬውን ሲያሰጥመው ከረመ። "ወይኔ!" ብላ ወለተሐና አፏን ያዘች።

ዘርአ ዳዊት መሣሪያውን አጠፋ። ሁሉም ወደ ጌጁ አዩ። ነፋሱ ቆሟል፤ መርፌው ግን ወደ ዜሮ አልተመለሰም።

"ይኸውና ሌላው" አለ። ከቱቦው ተገንጥላ ግፊቱን ወደ ጌጁ የምታደርሰውን ቀጭን ቧንቧ ነቅሎ ወደ ብርሃኑ አነሣት። ውስጧ አንድ የውሃ ጠብታ ተቀርቅራለች። እፍ ሲልባት ጠብታዋ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ መርፌውም ወዲያው ዜሮ ላይ ተኛ። "መርፌው ሲነግረን የከረመው የጠብታዋን ወሬ እንጂ የአየሩን ግፊት አልነበረም።"

ዶክተሩ ወደ ዘይኑ ጠጋ አለ። "በተሳሳተ ቁጥር ተመርቼ ግፊቱን ጨመርኩብህ፣ ዘይኑ። ይቅር በለኝ።"

"ኧረ ዶክተር፣ እኔ ነኝ የምመርቅህ!" አለ ዘይኑ አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀምጦ።

ዶክተሩ ግፊቱን ወደ ቀድሞው መለሰ። ዘርአ ዳዊት የውሃውን ማሞቂያ ትንሽ ቀነሰ፤ ቀጭኗን ቧንቧ ውሃ እንዳይገባባት ወደ ላይ አዙሮ አሰራት። መሣሪያውን ከአልጋው ዝቅ ብሎ በርጩማ ላይ አስቀመጠ፤ ያላበው ውሃ ወደ ሣጥኑ ይመለስ ዘንድ። አልጋውንም ከመስኮቱ አርቀው ከምድጃው ወገን ወዳለው ግድግዳ ገፉት። ወለተሐና ደግሞ ከመንዝ የመጣ አሮጌ ባና አወጣች፤ ሞቅ ያለ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው። ረጅም አድርጋ ቀደደችው። ረሒማ መርፌና ክር ይዛ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበሰችው። ሁለቱ ሴቶች አንዷ ከዚህ አንዷ ከዚያ ይዘው ሲሰፉ ቄስ ገብረአማኑኤል በር ላይ ቆመው "ለሕፃን ልብስ የምትሰፉ ነው የምትመስሉት" አሉ።

"በየጠዋቱ ውሃውን ድፉት፣ ሣጥኑንም አድርቁት" አለ ዘርአ ዳዊት ሲወጣ። "ማታ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሙሉበት። መርፌው ካስቸገረ መጀመሪያ አጥፉትና ዜሮ መግባቱን እዩ።"

ረሒማ እጁን ይዛ አልለቀው አለች። "ምን ላድርግልህ?" ብትለው እሱ አፍሮ ጢሙን ጎተተ። "ተኚ" አላት። "ዓይንሽን አይተሽዋል?"

ዘይኑ በዚያ ማታ ተኛ። ረሒማ ግን እንደ ልማዷ አጠገቡ ተቀመጠች። ቡል ቡል የለም። ማንኮራፋት የለም። ማስኩ ውስጥ እየገባ የሚወጣ ለስላሳ ትንፋሽ ብቻ ነው። ጸጥታው አስፈራትና እጇን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ ደረቱ ያለ ትግል ከፍ ዝቅ ይላል። መርፌው ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። ባናውን ዳሰሰችው፤ ሞቃት ነው፣ ደረቅም ነው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አታስታውስም።

ስትነቃ ፀሐይዋ ከአልጋው እግር አልፋ ግድግዳው ላይ ወጥታለች። ከደጅ የሽሮ ሽታ ይመጣል። ደንግጣ ተነሣች። ዘይኑ የለም፤ ማስኩ ታጥቦ ተሰቅሏል፤ የውሃው ሣጥን ተደፍቶ ደርቆ በርጩማው ላይ ተዘቅዝቋል። በሩን ከፍታ ብትወጣ፣ ወለተሐና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ የምትወቅጥ ጎረቤቷን ዝም ስታሰኝ ደረሰች። ቄሱ በመፋቂያቸው ጥርሳቸውን እየፋቁ ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ዘይኑ የራሱን ሽሮ ራሱ እያማሰለ ነው፤ ፊቱ የታጠበ ሰሌዳ መስሏል።

"ምነው ሳትቀሰቅሱኝ! የሱብሒ ሶላት አለፈኝ እኮ!" አለች።

"ማን ደፍሮሽ!" አለች ወለተሐና። "አንዴ ብቅ ብዬ ባይሽ እንደ ሕፃን ተኝተሻል። 'ዛሬ እቤታችን ማንም ድምፅ እንዳያሰማ' ብዬ ዶሮዎቹን ሳይቀር አባረርኩልሽ።"

"ዶክተሩም መጥቶ ነበር" አለ ዘይኑ። "ቆጣሪውን አየው። ከመኝታዬ እስከ መነሻዬ አንዴም አላቋረጠም። አንቺን ልቀስቅስ ስለው 'እሷ ናት የዛሬዋ ታማሚ፣ ተዋት' አለኝ።"

ሁሉም ሣቁ። ረሒማም ሣቀች። ውሃ አስቀድታ ውዱእ አድርጋ፣ ያለፈባትን ሶላት ልታወጣ ወደ ክፍሏ ገባች። ከሰገደች በኋላ እጆቿን ዘርግታ ረጅም ጊዜ ቆየች። ሸሁን አነሣች፣ ዶክተሩን አነሣች፣ ዘርአ ዳዊትን አነሣች፣ ባናዋን የቀደደችውን ወለተሐናን አነሣች፣ በእስር ቤት ባሏን በክርናቸው ሲጎስሙ ያደሩትን ሁሉ፣ ስማቸውን የማታውቀውንም ጭምር አነሣች። የቄሱ ስም ላይ ስትደርስ ግን ቃል አጠራት፤ "አንተ ታውቀዋለህ" ብላ እጆቿን ፊቷ ላይ አሳለፈች።

ዘይኑ በፋሲካ ማግሥት ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አንዲት የበርበሬ ሱቅ ከፈተ። የመጀመሪያውን ቁና በርበሬ ለወለተሐና አስፈጭቶ ላከ። ወለተሐናም "ይህ በርበሬ ዓይን ያስለቅሳል" ብላ እስከ ገበያው ድረስ መጥታ ስትወቅሰው፣ ረሒማ ሱቁ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ትሥቅ ነበር።